የተራራው ሚዛንና የነዋሪው ቃል
በሃሪስ ስለ ታሰበው የድንጋይ ካባና «አፈርና ነፍስ» ስለሚባለው መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

የድንጋይ ካባ ነገር ለምርምር የማይበቃ ተራ ጉዳይ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ድንጋይ ይፈለጣል፥ ይፈጫል፥ ይጫናል፤ ከዚያም መንገድ ወይም ቤት ይሆናል፤ ሌላ ምን ይባላል? ነገር ግን ካባው ሊከፈት በታሰበበት መንደር የሚኖረው ሰው ነገሩን በዚህ ዐይን አያየውም። እርሱ የሚያስበው ደማሚት በፈነዳ ቍጥር ስለሚሰነጠቀው ግድግዳው፥ በማሳው ላይ ስለሚያርፈው አቧራ፥ ስለሚደፈርሰው ምንጭና ከብቱን ሲያግድበት ስለ ኖረው ዳገት ነው። ይህን ሥጋቱን ለማን ይናገራል? የሚሰማው ባለ ሥልጣንስ በምን ሚዛን ይመዝንለታል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው።

የመረጥነው ጉዳይ ከአገራችን እጅግ ርቆ፥ በስኮትላንድ ምዕራብ በሄብሪዲስ ደሴቶች፥ ሃሪስ በምትባል ስፍራ የተደረገ ክርክር ነው። ይህን የመረጥንበትም ምክንያት ነገሩ ከማመልከቻው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ውሳኔ ድረስ በአደባባይ ስለ ተካሄደና እያንዳንዱ እርምጃ ስለሚታወቅ ነው። ከዚህም በላይ ከክርክሩ ዋና ተካፋዮች አንዱ የነበሩት አላስቴር ማኪንቶሽ በ2001 «አፈርና ነፍስ» የሚል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስላሳተሙ፥ ሂሳችን ለክርክሩም ለመጽሐፉም ይሆናል። በአገራችን አቈጣጠር መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

ሃሪስ ለብቻዋ ደሴት አይደለችም፤ ሉዊስ ከሚባለው አገር ጋር በአንድ ደሴት ላይ ተያይዛ የደቡቡን ክፍል የያዘች ናት። በክርክሩ ዘመን ሕዝቧ ከሁለት ሺህ ብዙ አይበልጥም ነበር፤ ጌሊክ የሚባለውን ጥንታዊ ቋንቋ የሚናገር፥ ዓሣ በማጥመድ፥ በግ በማርባትና በስሟ የሚጠራውን የሱፍ ጨርቅ በመሸመን የሚኖር፥ ሰንበትንም አጥብቆ የሚያከብር ሕዝብ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ አሸዋማና ለምለም ሣር ያለበት ሲሆን ምሥራቁ ግን ፈጽሞ ዐለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ባለ ርስቶቹ ምዕራቡን ለበግ እርባታ ስለ ፈለጉት ጭሰኞቹን አስነሡ፤ ከተነሡትም ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ፥ የቀሩትም ወደ ምሥራቁ ዐለት ተገፉ። እነዚህ ሰዎች የባሕር ሣር በጀርባቸው እየተሸከሙ በዐለቱ ላይ አፈር ሠሩ፤ በዚያችም ጠባብ መደብ ድንችና አጃ ዘሩ። ሬሳ የሚያስቀብር ጥልቅ አፈር ስላልነበረ ሙታናቸውን ተሸክመው በተራራው መካከል አቋርጠው በምዕራቡ ዳርቻ ይቀብሩ ነበር። በ1886 የወጣው ሕግ ለእነዚህ ትናንሽ ገበሬዎች ከይዞታቸው ያለ ምክንያት እንዳይነቀሉ ዋስትና ሰጣቸው፤ የመሬቱ ባለቤትነት ግን በባላባቱ እጅ ቀረ። የአገራችንን የርስትና የጭሰኝነት ታሪክ ያነበበ ተማሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሮይነቫል የሚባለው ተራራ ከዚህ ከዐለታሙ ክፍል ወደ ደቡብ ጫፍ ላይ ይገኛል። ከፍታው 460 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ የኢትዮጵያን ተራሮች ለለመድነው ኰረብታ ቢመስለንም ከባሕር ዳር በቀጥታ ስለሚነሣ ለባሕር ተጓዥ ከሩቅ የሚታይ ነው። ድንጋዩ አኖርቶሳይት የሚባለው፥ ወደ ነጭነት የሚያደላ፥ በጨረቃም ላይ ብሩህ ሆኖ የሚታየው ክፍል የተሠራበት ዐይነት ነው። በ1991 ሬድላንድ አግሪጌትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በዚህ ተራራ ላይ ታላቅ ካባ ለመክፈት ለደሴቶቹ ምክር ቤት አመለከተ። ሐሳቡም በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ቶን፥ በ60 ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ድንጋይ ፈጭቶ በትላልቅ መርከቦች ወደ ደቡብ እንግሊዝና ወደ አውሮፓ ለመንገድ ሥራ ለመላክ ነበር። ተራራው ከባሕር ወለል በታች ድረስ ይቈረጣል፤ ሥራው ሲያልቅም ባሕሩ ወደ ጕድጓዱ ገብቶ ወሽመጥ ይሆናል። እነሆ፥ አያቶቻቸው ማንም ያልፈለገው ነው ተብለው የተጣሉበት ዐለት በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ተፈላጊ ሆነ። ማኪንቶሽ ይህን ነገር በሚገባ ያስተውሉታል፤ የመጽሐፋቸውም ብርታት ከዚህ ይጀምራል።

የነዋሪው ሥጋት ምን እንደ ነበረ ሳንዘገይ እንናገር። የፍንዳታው ድምፅ፥ አቧራውና የሌሊቱ መብራት በመጀመሪያ የሚታሰቡ ናቸው። ለዓሣ አጥማጁ ግን የሚብሰው ሌላ ነበር። ድንጋይ ለመጫን ባዶውን የሚመጣ መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከሌላ ወደብ የባሕር ውሃ በሆዱ ይሞላል፤ ለመጫን ሲደርስም ውሃውን ያፈሰዋል። በዚያ ውሃ ውስጥ የሚመጣው የሌላ ባሕር ሕይወት የደሴቲቱን ዓሣና ሎብስተር ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ባዶ ፍርሃት አልነበረም። ከዚህ ሌላ የሰንበት ነገር ነበረ፤ ማሽን በእሑድ ቢንቀሳቀስ የአገሬው ልማድ ፈረሰ ማለት ነው።

ካባውን የደገፉትም ነዋሪዎች ነበሩ፤ ይህን ማስቀረት አይገባም። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋናው ምድር ይሄዳል፥ ትምህርት ቤቱ ልጆች ያጣል፥ ቤቱም ባዶ ይቀራል። በእንዲህ ያለ አገር ለአንድ አባት በአቅራቢያው የሚገኝ ጥቂት የደመወዝ ሥራ ልጁን በአገሩ ማስቀረት ማለት ነው። መንግሥትም በ1994 ባወጣው መመሪያ እስከ 2009 ድረስ በስኮትላንድ ከአራት የማይበልጡ እንዲህ ያሉ ታላላቅ የባሕር ዳር ካባዎች ሊኖሩ ይችላሉ ብሎ ነበር። ከእነዚህም በ1986 ሥራ የጀመረው የግሌንሳንዳ ካባ ብቻ ይገኝ ነበር፤ እርሱም መንገድ በማይደርስበት፥ በዙሪያው መንደር በሌለበት ቦታ የተከፈተ ስለ ሆነ «ነዋሪው ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ እንደ ሃሪስ አልከበደበትም።

ምክር ቤቱ በ1993 ለካባው አዎንታውን አሳየ፤ በ1994 መጀመሪያ ግን የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጉዳዩን ወደ ራሳቸው ስለ ወሰዱት የአደባባይ ምርመራ ታዘዘ። ምርመራው በጥቅምት 1994 ተጀምሮ እስከ ሰኔ 1995 ቆየ። መርማሪዋም ሚስ ጊሊያን ፔይን ነበሩ። አንባቢያችን በአገራችን የነበረውን አውጫጭኝ ያስታውስ ይሆናል፤ በዚያ አገሬው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቀመጣል። የስኮትላንዱ ምርመራ የሚፈልገው ወንጀለኛ አይደለም፤ ገና ስላልተሠራ ነገር ማስረጃ ነው። ምስክር ይቀርባል፥ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነዋል፥ መርማሪው ሐሳቡን ጽፎ ለሚኒስትሩ ያቀርባል፤ ወሳኙ ግን ሚኒስትሩ ነው። ከሁለቱ ሥርዐቶች አገሬው ይበልጥ የሚናገርበት የትኛው እንደ ሆነ ለክርክር እንተወዋለን።

የመጽሐፉ እጅግ የታወቀው ክፍል የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ማኪንቶሽ በኅዳር 1994 ሁለት ሰዎች ይዘው ለምርመራው ቀረቡ። አንደኛው በኤዲንብራ በፍሪ ቸርች ኮሌጅ የሥነ መለኮት ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ማክላውድ ናቸው። ሁለተኛው ከካናዳ ከኬፕ ብሬተን የመጡት የሚግማው ሕዝብ የጦር አለቃ ሱልያን ስቶን ኢግል ሄርኒ ናቸው፤ በእርሳቸውም አገር ሕዝባቸው የሚያከብረው ተራራ ለካባ ታስቦ ነበር። ፕሮፌሰሩ ምድር የፈጣሪ እንደ ሆነችና ሰው ጠባቂዋ እንጂ ባለቤቷ እንዳልሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ አስረዱ። አለቃው ስለ ተራራ ቅድስና መሰከሩ። ማኪንቶሽ ራሳቸውም በዚያው መንፈስ ተናገሩ። ስለ አቧራ መጠንና ስለ መርከብ ቍጥር ሲሰማ በነበረ ችሎት ፊት እንዲህ ያለ ቃል መነገሩ ጋዜጦችን ሁሉ አስደነቀ።

ማኪንቶሽ ይህን የሚተርኩት በሉዊስ ደሴት ካሳለፉት የልጅነት ዘመን ጋር እያያያዙ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ዓሣ ስለሚያካፍልበት ልማድ፥ በየጓሮው ስለሚነገረው ተረት፥ አንድ ሕዝብ መሬቱን ሲያጣ ልቡም አብሮ እንዴት እንደሚጎዳ የጻፉት ገጽ በእውነት የሚነበብ ነው። የኤግ ደሴት ነዋሪዎች በ1997 ደሴታቸውን ከባለ ርስቱ እጅ ማስወጣታቸውንም በዚሁ መጽሐፍ ይተርካሉ። የሰውን ሥጋት ቍጥር ካልለበሰ ሥጋት አይደለም ለሚል ሥርዐት ቍጥር የሌለውን ነገር ይዞ መቅረብ ድፍረት ነው፤ ይህን ድፍረታቸውን እናደንቃለን።

ሆኖም በሁለት ነገር ከጸሐፊው ጋር አንስማማም። የመጀመሪያው፥ ከሦስቱ ምስክሮች አንዱም የሃሪስ ነዋሪ አለመሆኑ ነው። ፕሮፌሰር ማክላውድ የሉዊስ ተወላጅ ሆነው ኤዲንብራ ይኖሩ ነበር፤ አለቃው ከአትላንቲክ ማዶ መጡ፤ ጸሐፊውም በዚያ ዘመን በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የተናገሩት ነገር የተሳሳተ ነው አንልም፤ የሊንገርቤይ ዓሣ አጥማጅም ልቡ የሚያውቀውን ተናግረውለት ይሆናል። ነገር ግን በዓለም የተሰማው ስለ እርሱ የተባለው ነው፥ እርሱ ያለው አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ የመንደሩ ሰው እንደ አገሩ ዜማና እንደ አገሩ ነፋስ ሆኖ ከበስተኋላ ይሰማል፤ ከፊት ቆሞ የሚከራከረው ሌላ ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ለኩባንያው ሰዎች የሚያሳዩት ጨዋነት ሥራውን ለሚፈልገው የአገራቸው ሰው ከሚሰጡት ቦታ የሚበልጥ ሆኖ አግኝተነዋል። ልጁ ወደ ግላስጎው እንዳይሄድበት ካባውን የደገፈ ሰው የኩባንያ አፍ አይደለም፤ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ የራሱ ሥጋት አለው፤ ሥጋቱም ከዓሣ አጥማጁ ሥጋት ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ነበረበት።

ሁለተኛው ነገር የድምፁ ነው፤ በእኛ አስተያየት የክርክሩ ዋና ምስጢር ያለው በዚህ ላይ ሲሆን መጽሐፉ የሚገባውን ያህል አልቆመበትም። የሃሪስ ነዋሪ ስለ ካባው ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። በ1993 አብዛኛው ድምፅ ለካባው ነበር። በ1995 ምርመራው ሊያልቅ ሲል በተደረገው ሁለተኛ ድምፅ ግን ከመቶ 68 እጁ ተቃወመ፤ ከመራጩም ከመቶ ከ80 በላይ የሆነው ድምፁን ሰጥቶ ነበር። ምክር ቤቱም ይህን አይቶ ድጋፉን አነሣ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ፥ ተራራውም ያው ተራራ ነው፤ በመካከሉ ያለፈው ሁለት ዓመት ነው። ምን ተለወጠ? አንዳንዱ የቄሶቹ ቃል ነው ይላል፥ አንዳንዱ ከውጭ የመጡ ተቃዋሚዎች ሰበኩት ይላል። እኛ ግን ቀላሉን ምክንያት እናስቀድማለን፤ በ1993 ሰዉ የሰማው ሥራ ይመጣል የሚለውን ነበር፥ በ1995 ግን የወራት ምርመራ በአገሩ መካከል ተካሂዶ፥ ጥያቄና መልሱ በየቤቱ ሲነሣና ሲወድቅ ከርሞ ነበር። ስለ መርከቡ ውሃ ተነግሯል፤ ስድሳ ዓመት ማለት ስንት ትውልድ እንደ ሆነ ተቈጥሯል። እንግዲህ ነዋሪው የሰጠው የመጀመሪያው መልስ ውሸት አይደለም፤ ሳይነገረው ለተጠየቀው ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ እጁን ያወጣ መንደር ተስማማ ተብሎ የሚጻፍበት መዝገብ ሁሉ ይህን የሁለት ዓመት ልዩነት ሊያስታውስ ይገባዋል።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። የመርማሪዋ ጽሑፍ ለመቅረብ እስከ 1999 ቆየ። በዚያም ጽሑፍ ሚስ ፔይን ተራራው በመቈረጡ የሚደርሰውን ጉዳት ሳይክዱ፥ ድንጋዩ ለአገር የሚሰጠው ጥቅምና ለደሴቲቱ የሚያመጣው ሥራ ስለሚያመዝን ፈቃድ እንዲሰጥ አሳሰቡ። በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ፓርላማ ተቋቁሞ ስለ ነበረ ጉዳዩ ማመልከቻው ሲገባ ወዳልነበረ መንግሥት ተላለፈ፤ የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳም ጋልብሬይዝም በኅዳር 2000 የመርማሪዋን ሐሳብ ሳይቀበሉ ካባውን ከለከሉ። ምክንያታቸውም ቦታው በብሔራዊ ደረጃ ስለ ውበቱ የተከለለ መሆኑና የሚገኘው ጥቅም በዚህ ውበት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የማያካክስ መሆኑ ነበር። ሬድላንድን በ1997 የገዛው ላፋርዥ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሙግቱን ጥቂት ከቀጠለ በኋላ በ2004 ተወው።

«አፈርና ነፍስ» የታተመው ክልከላው በታወጀ በዓመቱ ስለ ሆነ የድል መንፈስ ያለበት መሆኑ አያስደንቅም። ነገር ግን ሁለቱን አስተያየቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ፈቃድ ይሰጥ ያሉት መርማሪና አይሰጥም ያሉት ሚኒስትር ፍርዳቸው ቢለያይም ሚዛናቸው አንድ ነበር። በአንደኛው ወጭት የአገር ጥቅም የሆነው ድንጋይ፥ በሁለተኛው የአገር ቅርስ የሆነው ውበት ተቀመጠ፤ ለመርማሪዋ ድንጋዩ ከበደ፥ ለሚኒስትሩ ውበቱ ከበደ። ከመቶ 68 የሆነው ድምፅ የተመዘነበት ወጭት የትኛው ነው? ውበቱ ማለት ተራራውን ከመርከብ ወይም ከመንገድ የሚያይ ሰው የሚያደንቀው መልክ ነው፤ በተራራው እግር የሚኖረው ሰው ግን ተራራውን የሚፈልገው ስለ መልኩ ብቻ አይደለም። ሮይነቫል ውብ ተብሎ ባልተከለለ ስፍራ የሚገኝ መልከ ጥፉ ኰረብታ ቢሆን ኖሮ ያው ዓሣ አጥማጅ፥ ያው ሰንበት፥ ያው የሁለት ሺህ ሰው ድምፅ ምን ያህል በከበደ ነበር? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አለመጠየቃቸውን እንደ ጉድለት እንቈጥረዋለን። ነዋሪው የፈለገውን አገኘ፤ ያገኘው ግን ስለ ተሰማ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃንም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ስኮትላንድ ለማወቅ ብቻ አይደለም። በአገራችንም ጠጠር፥ ጥቁር ድንጋይና የሲሚንቶ ድንጋይ የማይወጣበት አውራጃ የለም ለማለት ይቻላል። በእኛ አቈጣጠር በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፕሮጀክት ሐሳቡን የመግለጥ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299ም በአንቀጽ 15 የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፥ በተለይም ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረ ሰብ የሚሰጠው አስተያየት በጽሑፉና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት አዘዘ። ቃሉ መልካም ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችንም በኩራት ይጠቅሱታል። እኛ የምንጠይቀው «እንዲካተት» ስለሚለው ቃል ነው። በአባሪ ገጽ የነዋሪው ስምና ፊርማ ተደርድሮ ቢገኝ አስተያየቱ ተካተተ ይባላል። ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ፥ በየትኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፥ ለስንት ሳምንት እንደሚቀመጥ አንቀጹ አይዘረዝርም። ገምጋሚው የመንደሩን ቃል ሳይቀበል ሲቀር ለምን እንዳልተቀበለው ለዚያው መንደር መልሶ እንዲነግር የሚያስገድድ ቃልም አንቀጹ የለውም። የሃሪስ ሰው ዘጠኝ ወር የቆየ ምርመራና ሁለት ጊዜ የተቈጠረ ድምፅ አግኝቶ እንኳ ቃሉ በውሳኔው ውስጥ ራሱን ችሎ ካልከበደ፥ አንድ ስብሰባና አንድ ቃለ ጉባኤ ያገኘ መንደር ምን ሊጠብቅ ይችላል?

ስለዚህ በጂኦግራፊም ሆነ በሕግ ክፍል የድንጋይ ካባ ጥናት ለሚያነብቡ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። የነዋሪው ቃል የተጻፈበትን ገጽ ፈልገው ካገኙ በኋላ ውሳኔው ወደተጻፈበት ገጽ ይሂዱና ያ ቃል እዚያ ተጠቅሶ እንደ ሆነ ይመልከቱ። በሃሪስ ጉዳይ ይህን ስናደርግ በ1995 የተቃወመውን ብቻ ሳይሆን በ1993 ሥራ ፈልጎ የደገፈውንም ሰው አሰብን፤ ካባው ሲከለከል ለእርሱ የቀረበለት ሌላ ሥራ በውሳኔው አልነበረም።